ማረሻ የማይደፍነው ፈሰስ

ዝናቡ በቡሬ በኩል ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ እንቁ የያዘችውን ምስር ገና ለቅማ አልጨረሰችም ነበር። ሰፌዱን ታቅፋ ወደ በረንዳው ጥግ ሸሸት ስትል የቆርቆሮ በሯ ተንኳኳ፤ ያንኳኳውም ሰው ክፈቱልኝ ሳይል ራሱ ከፍቶ ዘው አለ። ወጣት ነው። ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጫማው ጭቃ ጠግቦ መጣና ዝናቡ እስኪያባራ እንድታስጠልለው ለመናት። እንቁም በረንዳው ለሁለት ሰው እንደማይጠብ ነግራው እንዲቀመጥ ዱካውን በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

አሸናፊ ይባላል። መምህር ነው፤ ከአዴት ተዛውሮ መምጣቱ ነው። አቶ ተስፋው የሚባሉ ሰው ጊቢ የሚከራይ ክፍል አለ ተብሎ ሲፈልግ ነው በር ተሳስቶ እንቁ ዘንድ የገባው። እንቁ የተስፋውን ስም ስትሰማ እጇ ከምስሩ ላይ አልተነሣም። "የተስፋው ቤት ከላይ ነው፤ ይኸ የምታየው ግንብ የእሱ ነው" አለችው።

ዝናቡ በረታ። በግንቡ ሥር ካለች ቀዳዳ ቡናማ ውሃ እየተንደረደረ ወጣ፤ በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ ቦይ የእንቁን ጊቢ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወረደ፤ ታች አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ግን መውጫ አጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ተንጣለለ። ከቦዩ ግራና ቀኝ አፈር ክምር ክምር ብሎ ይታያል፤ ላዩ ላይ የበሰበሰ ገለባ አለ። አሸናፊ ዝም ብሎ መቀመጡ ከበደውና የሽንኩርት መደብ እንደሆነ ጠየቀ። አበባ ነበር አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ "እዚህ ላይማ እንደ ፎገራ ሰው ሩዝ ቢዘሩበት ይሻል ነበር፣ እትዬ" አለ።

እንቁ ቀልዱን ወደደችው። ብዙ ጊዜ ሆኗታል በዚህ ነገር ከሳቀች። ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና፣ "እሱስ ይሻል ነበር ልጄ" ብላ ጀመረች። ዝናቡም የሚቸኩል አልነበረም።

እንቁ የተወለደችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቷ ጤፍ ዘሪ ነበሩ፤ መሬታቸው መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ የሚይዝ ጥቁር አፈር። እንዲህ ያለ ማሳ ውሃ ከተኛበት እህሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘሩ ከተዘራ በኋላ አባቷ በሬዎቻቸውን እንደገና ጠምደው በማሳው ላይ ሰያፍ ሰያፍ ቦይ ያወጣሉ። ፈሰስ ይሉታል። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከሄደ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ አግድም ከተኛ ደግሞ ውሃው ይቆማል፤ ማዘንበሉን የሚያውቀው የገበሬው ዓይን ነው።

ታዲያ የላይኛው ማሳ ውሃ መውረጃው የታችኛው ሰው ማሳ ነው፤ ሌላ የት ይሄዳል። በእነሱ አገር ወጉ እንዲህ ነበር፦ ሰኔ ላይ የላይኛው ገበሬ ወደ ታችኛው ደጅ ይመጣና፣ ለዚህ ክረምት ፈሰሴን ተቀበለኝ ይላል። የታችኛውም ይውረድ ይላል። በቃ። እሱ ደግሞ ከእሱ በታች ላለው ሄዶ ይጠይቃል፤ እንዲህ እየተባለ ወንዝ ይደረሳል። አንድ ዓመት የእንቁ አባትና የላይኛው ጎረቤታቸው በከብት ተጣልተው፣ ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገው ነበር። ሰኔ ሲገባ ሰውየው ፊታቸውን እንዳጠቆሩ መጡ፤ ከበሩ ሳያልፉ "ተቀበለኝ" አሉ። አባቷም ጀርባቸውን እንደሰጡ "ይውረድ" አሉ። ሰውየው ተመልሰው ሄዱ፤ ኩርፊያውም ቀጠለ። እንቁ ያን ጊዜ ከእናቷ ጋር ተያይታ በሳቅ ልትሞት ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ እህሉ ታጭዶ፣ በጋ ላይ እርሻ ሲጀመር ማረሻው ፈሰሱን ደፍኖት ያልፋል። የአምናው ፈሰስ የት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ሲከርም እንደገና ሄዶ መጠየቅ ነው።

ባምላኩ የሚባል ሰው አገባች። ባምላኩ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ አባቱ ሲሞቱ ለእርሻ የተመለሰ ሰው ነው፤ ቅኔው ግን ከአፉ አልወጣም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን ዕቃ ቤት ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ነበር። የጠበቀውም የተሰበረ ሚዛንና አይጥ የበላው ጆንያ ነው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ግን ይኸው ተቆጥሮበት ስሙ የደርግ ሹሞች ነበሩ ተብለው ቢሮክራሲ ከተባሉት ጋር ተጠራ፤ ቢሮ የሚባል ነገር በዘመኑ ረግጦ የማያውቅ ሰው። ደህና ደህናው መሬታቸው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ፤ ለእነሱ ድንጋያማው ዳርቻ ቀረ። ባምላኩ ሰው ሲጠይቀው መሬታችን ለመንግሥት ፈሰስ ተደረገ ይል ነበር። ለመንግሥት ገቢ የሚሆን ገንዘብም ፈሰስ ተደረገ ይባላልና ሰሚው ይስቃል። እሱ ግን ሲስቅ እንቁ አይታው አታውቅም።

በሬዎቻቸውን ሸጠው ፍኖተ ሰላም መጡ፤ ይህችን የጭቃ ቤት ከነጓሮዋ ገዙ። ቦታው ረባዳ ስለሆነ ነው ለእነሱ አቅም የሆነው። ባምላኩ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ፤ እንቁ አንድ ሆቴል አንሶላ ማጠብ ያዘች። እዚያ ጊቢ ውስጥ አትክልተኛው የከረከመውን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ሲጥለው እያየች አላስችል አላት፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ቤቷ አምጥታ ጓሮዋ ላይ ተከለችው። የመጀመሪያው ክረምት አንዱንም አላስቀረላትም፤ ሥሩ በስብሶ ሸተተ። የሷም አፈር መረሬ ነው። ሸሽታው የመጣችው አፈር ቀድሟት ከተማ ገብቶ የጠበቃት መሰላት።

በዓመቱ አባቷ ለጤፍ ያደርጉት የነበረውን ለአበባ አደረገችው። አፈሩን በፍግ፣ በአመድና በአሸዋ ለውሳ መደቡን ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ ሠራችው። በመደቦቹ መሐል ፈሰስ አወጣች፤ ሰያፍ፣ ብዙም ሳያዘነብል። ከባድ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን እየደበደበ ሥሩን እንዳያራቁተው ላዩን ገለባ አለበሰችው። የመደቡ ጠርዝ እንዳይናድ ዙሪያውን ጠጅ ሳር ተከለች። ውሃው በፈሰሷ ወርዶ ታች መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ እየገባ መንገዱን ይሄድ ነበር። ጽጌረዳዋ ቆመ። ቀዩ፣ ነጩ፣ ከዚያ ቢጫው። ባምላኩ ማታ ማታ ከመደቡ ዳር ይቀመጥና ለሚያልፈው ሰው፣ አገር ቤት መደብ አውጥተው አባረሩኝ፣ ይች ሴት ደግሞ መደብ ሠርታ አስቀመጠችኝ ይላል።

የሚሌኒየሙ ጊዜ ሲደርስ ደጁን ማሳመር የፈለገው ሁሉ እንቁ ዘንድ መጣ። ችግኝ በዘይት ቆርቆሮ እያደረገች ሸጠች፤ ሠርግ ያለበት ሁሉ አበባ ከሷ ወሰደ። ሆቴሉንም ተወችው። ባምላኩ በማግሥቱ ዓመት ሲሞት ያ አበባ ነው አፈር ያላስቀመሳት። ደግሞ የእንጀራ ነገር ብቻ አልነበረም። አገሯ ላይ የቢሮክራሲው ሚስት ተብላ ነው የወጣች፤ እዚህ የአበባዋ እንቁ ትባላለች። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ኡምሀኒ ሳትቀር ለሱቋ በር ጽጌረዳ ከሷ ወስዳ፣ ከዚያ ወዲያ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ። ከዚያች ጓሮ ሌላ መሬት የሚባል ነገር እንቁ በዓለም ላይ አልነበራትም።

ከላይዋ ያለው ተስፋው የደምበጫ ሰው ነው፤ እህል ነጋዴ። ሚስቱ አልጣሽ ሴት ልጅ ስትወልድ እንቁ የክርስትና እናት ሆና አነሣቻት፤ ስሟንም ያምሮት ብላ ያወጣች እሷ ናት። በዚህ አበልጅ ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷና ተስፋው አንቱ ተባብለው እንጂ አንተና አንቺ ተባብለው አያውቁም። ያምሮት በእነዚያ መደቦች መሐል እየተሯሯጠች አደገች።

ተስፋው እህሉ ሲቀናው በጓሮው የኪራይ ክፍሎች ደርድሮ ሠራ። ጊቢውንም በሙሉ ሲሚንቶ አለበሰው። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ዝናብ አሁን ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ የራሱ ክፍሎች በር ላይ ይቆም ጀመር። አንድ ሰኔ ላይ አያ ቢሆነኝ የሚባሉትን ሽማግሌ አስከትሎ እንቁ ዘንድ መጣ። አያ ቢሆነኝ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ እሳቸውም የገጠር ሰው ናቸው። ተስፋው ባርኔጣውን አወለቀና፣ "አበልጄ፣ ለዚህ ክረምት ፈሰሴን ይቀበሉኝ" አለ።

እንቁ ይህን ቃል አገሯን ከለቀቀች ወዲህ ሰምታው አታውቅም። የከተማ ሰው ውሃውን ዝም ብሎ ይለቃል እንጂ ማን ብሎ ይጠይቃል። ቃሉን ስትሰማ አባቷ ደጅ ላይ የቆሙ መሰላት፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። ተስፋው ንግግሩን ሳይጨርስ "ይውረድ" አለች። ይባስ ብላ ከጓዳ ዶማ አወጣችና የፈሰሱን መጀመሪያ ራሷ ቆፈረችለት። አያ ቢሆነኝም መርቀው ተነሡ።

ኡምሀኒ ነገሩን ስትሰማ ገበያ መሐል፣ "አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሻል? አንቺ ፈሰስ ስትይ እሱ መንገድ ነው የሰማው" አለቻት። እንቁ አበልጇ በመታማቱ ተቀይማ ለጊዜው ሱቋን መርገጥ ተወች።

የዚያ ክረምት ውሃ ቀላል አልነበረም። መሐሉን መደብ አፍርሳ ጽጌረዳውን ወደ ዳር ዳሩ አዛወረች፤ ፈሰሱን አሰፋችው፤ ጠርዙን በድንጋይ ደገፈችው። አልከፋትም። ለአንድ ክረምት ነው። ኅዳር ላይ አፈር ልትመልስበት አካፋ ይዛ ስትነሣ ግን ተስፋው በአጥሩ በኩል አይቷት፣ ለከርሞ መልሶ መቆፈር ነው፣ ይተዉት አበልጄ፣ ምን ያደክምዎታል አላት። አሳቢነት መሰላት። አካፋውን መለሰችው። ከተማ ላይ በጋ ሲመጣ ፈሰሱን ደፍኖ የሚያልፍ ማረሻ እንደሌለ ያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

የከርሞው ሰኔ ገባ። እንቁ በሩን ገርበብ አድርጋ ተስፋው እስኪመጣና እስኪጠይቅ ጠበቀች። መልሷን እንኳ አዘጋጅታለች፤ ይውረድ ልትል ነው፣ ግን ዘንድሮ በጋ ሲሆን እንድፈነው ልትል ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስትል ዝናቡ ቀድሞት መጣ። ውሃው ሳይጠየቅ ወረደ። ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ ተስፋው ሠራተኛ ልኮ ፈሰሱን በድንጋይና በሲሚንቶ አሠራው፤ አፈርዎን እንዳይበላብዎ ብዬ ነው አላት። እንቁ ለሠራተኞቹ ምሳ አበላች። ይህን ስትነግረው አሸናፊ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷም፣ "እንጀራው ላይ ሽሮ ብቻ አይደለም ልጄ፣ አይብም ጨምሬላቸው ነበር" አለችው።

ከዚያ ኮብልስቶኑ መጣ። መንገዱ ላይ አፈር እየተደለደለ፣ ድንጋዩ እየተነጠፈ ከጊቢዋ በላይ ሆነ፤ የመንገዱ ዳር ቦይም አብሮ ከፍ አለ። የእንቁ ውሃ ታች ደርሶ ከሱ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጠመ። ከላይ የሚወርደው አልቆመም፣ ከታች የሚወጣበት ግን ተዘጋ። መደቦቹን ከፍ አደረገቻቸው፤ ሌላ ገለባ አለበሰች፤ ሌሊት የዘነበውን ጠዋት በባልዲ እየቀዳች መንገዱ ላይ ደፋች፤ መንገደኛ ተሳደበ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አውቃለች፤ የጤፍም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ነጩ ሄደ። ነቅላ ስታየው ሥሩ ጠቁሮ፣ እንደ ረጠበ ጆንያ ይሸታል።

ተስፋው ዘንድ ሄደች። ውሃውን በወዲያኛው በኩል፣ ወደ ቀጭኑ መንገድ እንዲያዞረው ለመነችው። እዚያ በኩል በሩን ሠርቶበታል፤ ሲሚንቶ መስበር ሊሆን ነው። በጋ ላይ እናየዋለን አላት። በጋው መጣ፤ አላዩትም። ሁለተኛ ስትሄድ አልጣሽ በሩን ከፍታ የለም አለቻት፤ የተስፋው ሳል ግን ከውስጥ ይሰማል።

ከማዘጋጃ ቤት ይዞታ የሚለኩ ልጆች የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሜትራቸውን ዘርግተው ከቤት ቤት እየሄዱ፣ ጎረቤት እያቆሙ ድንበር ይጠይቃሉ። እንቁ ጊቢ ሲደርሱ የድንጋዩን ቦይ አይተው የማን እንደሆነ ጠየቁ። ተስፋው የወል ውሃ መውረጃ ነው አለ። እንቁ ለአንድ ክረምት የሰጠችው ፈሰስ ነው አለች። ልጆቹ ደግ ልጆች ነበሩ፤ የሚያውቅ ሰው ካለ እንጠይቅ አሉ። አያ ቢሆነኝ ተጠሩ።

አያ ቢሆነኝ ውሸት የማይናገሩ ሰው ናቸው። እንቁም ሲመጡ ስታያቸው ልቧ ዐረፈ። ተስፋው ጠየቀ፣ እንቁ ይውረድ አለች፣ እኔም ነበርሁ አሉ። እንቁ "አያ፣ አበልጄ ለዚህ ክረምት አላሉም?" ብላ ጠየቀቻቸው። ብሏል አሉ። ቀጥለው ግን ከዘራቸውን መሬት እየወጉ፣ "እሱ የወግ ቃል ነው እንጂ፣ ልጄ። ፈሰስ ሁልጊዜም ለዚህ ክረምት ተብሎ ነው የሚጠየቅ። ለዘላለም ስጠኝ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ" አሉ።

"ማረሻውስ?" አለች እንቁ።

የሚለካው ልጅ "የምን ማረሻ?" አላት። እንቁ ዙሪያዋን አየች። ተስፋው ሲሚንቶውን ያያል። አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አያ ቢሆነኝ እንኳ ከተማ ቆይተው ረስተውታል መሰል፣ ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል። እንቁ፣ ማረሻ ደፍኖት ያልፍ ነበር እኮ አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ቀለላት። ያኔ ነው ተስፋው የተቆጣ፤ "አንቺ ራስሽ አይደለሽ ዶማ ይዘሽ የቆፈርሽው?" አለ። ያን ሁሉ ዘመን የኖረው አንቱታ በዚህች ቃል ወረደ። የሰማው ሁሉ ሰምቶታል፤ አያ ቢሆነኝም ቀና ብለው አዩት።

ልጁ ወደ እንቁ ዞሮ በትሕትና፣ "እማማ፣ እርስዎ ፈቅደው ነው ወይስ ያለ ፈቃድዎ ነው የወረደው?" ብሎ ጠየቃት። ቦዩ ያለ ፈቃድ ከሆነ ሊነሣ፣ በፈቃድ ከሆነ ሊጸና ነው፤ ልጁ ይህን ሁለት ጊዜ አስረድቷል። ኡምሀኒ ነገሩን ሰምታ ሱቋን ዘግታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ እንቁን እያየች ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፤ አይ በይ ማለቷ ነው። እንቁ አይታታለች። አፏን ስትከፍት ግን ፊታቸውን አጥቁረው የመጡት የአባቷ ጎረቤትና ጀርባቸውን የሰጡት አባቷ ታዩዋት። በጠብ ላይ እንኳ ቃሉ ቃል ነበር።

"ፈቅጄ ነው" አለች።

ቦዩ፣ ለመጥረጊያ ተብሎ ከግራና ቀኝ ከተለካው ዳርቻ ጋር፣ የወል ሆነ። መደቦቹ ሁሉ የነበሩት በዚያ ዳርቻ ላይ ነው። ለእንቁ ቤቷና ይህች በረንዳ ቀሩላት። ኡምሀኒ የዚያን ቀን ማታ መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለችና፣ "አንድ ቃል እኮ ነበር" አለቻት። እንቁም፣ "ቃሉንማ ያን ጊዜ ብዬዋለሁ" አለቻት።

አሁን ያምሮት እማዬ የምትላት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ዙሪያዋን ገልመጥ ብላ። ተስፋው ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ እንደገና አንቱ ማለት ጀምሯል። ይህኛው አንቱታ ከአንቺው ይልቅ ያማታል። የተረፉ ጥቂት ጽጌረዳዎች በቆርቆሮ ውስጥ በረንዳው ላይ አሉ፤ ፀሐይ አያገኙምና አያብቡም።

አሸናፊ አቤት ሊባልበት የሚችል ቦታ ጠቀሰ፤ ማመልከቻውን እሱ እንደሚጽፍላትም ነገራት። እንቁ ምስሩን መልሳ ያዘች። ምን ብሎ ይጽፋል። አቤት የሚባለው ሰው የካደህ እንደሆነ ነው፤ እሷን ማንም አልካዳትም። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ቢከፋትም የሚከፋት በዚህ ነው፤ ሁሉም እውነቱን ተናግሮ መሬቷ ሄደ። እሷ ራሷ አንዲት ውሸት ቢኖራት ኖሮ ዛሬ አበባ ነበራት። አንዳንድ ጠዋት ውሃውን በባልዲ እየቀዳች ብቻዋን ያለ ፈቃዴ ነው ትላለች። ሲወጣ ቀላል ቃል ነው። የሚጠይቃት ግን የለም።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለወጠ። አሸናፊ ተነሣ፤ ሐፍረት ይዞት እዚያ ጊቢ መከራየቱን እንደሚተወው፣ ሌላ ቦታ እንደሚፈልግ ነገር አደረጋት። እንቁ ሳቀችበት።

"ተከራየው እንጂ። ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ጠብታ አይገባበትም።"

እስከ በሩ ሸኘችው፤ ኩሬው ላይ ባለችው ጣውላ እንዳይንሸራተት ክንዱን ያዘችው። መንገዱ ላይ ከወጣ በኋላ የላዩን በር በእጇ አሳየችውና እንዲህ አለችው፦

"አበልጄን ስታገኘው፣ ውሃው በደህና ወርዷል ብላለች በልልኝ።"